የስም ባለአደራ

የዲኤንኤስ ዞን ማስተዳደሪያን በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጫን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ከሥራው ማነስ ጋር አይመጣጠንም። ጠዋት ደብዳቤ ሲጻፍበት የነበረ ኮምፒውተር ከምሳ በኋላ የሌሎች ሰዎች መንገድ የሚወሰንበት ይሆናል፤ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ባንክ፣ አንድ ትምህርት ቤት በኔትወርክ ላይ የሚጠራበት ስም ከዚያ ጠረጴዛ ሊጻፍ፣ ሊለወጥ፣ ሊሰረዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ እጃችን ሲገባ ቆም ብለን ልንጠይቅ ይገባል። መሣሪያው ሲጫን አብሮት የሚመጣው ምንድን ነው? ሳይመጣ የሚቀረውስ?

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር ተሸክሞ አይዞርም፤ የሚያስታውሰው ስም ነው። ዲኤንኤስ ስም ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ፣ በዓለም ዙሪያ ተበትኖ የተቀመጠ መዝገብ ነው። ዞን የሚባለው ደግሞ ከዚህ መዝገብ ተቆርሶ ለአንድ አካል የተሰጠ ድርሻ ነው፤ በውስጡ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው ያ አካል ነው። የዞን ማስተዳደሪያ የምንለው ፕሮግራም ይህን ድርሻ ከፍተን የምናነብበትና የምናርምበት መሣሪያ ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁትን ምሳሌ እንውሰድ፤ ዊንዶውስ 10ን ወይም 11ን። ቀድሞ ማስተዳደሪያውን ለብቻው ማውረድ ያስፈልግ ነበር። ከኦክቶበር 2018ቱ ማሻሻያ ወዲህ ግን የሲስተሙ አንድ አካል ሆኖ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴቲንግስ ገብቶ፣ ከአማራጭ ፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ የሰርቨር ማስተዳደሪያዎቹን ፈልጎ፣ የዲኤንኤሱን መርጦ ‹ጫን› ማለት ነው። ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጠው የሆም እትም ላይ አይጫንም፤ ጫኚውም በኮምፒውተሩ ላይ የአድሚኒስትሬተር መብት ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ያለፈ ውጣ ውረድ የለውም።

ቁም ነገሩ የሚጀምረው ፕሮግራሙ ሲከፈት ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና የትኛውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ማግኘት እንደምንፈልግ ትጠይቃለች። ምርጫው ሁለት ነው፤ ‹ይህ ኮምፒውተር› ወይም ‹የሚከተለው ኮምፒውተር›። ‹ይህ ኮምፒውተር› የሚለውን የመረጠ ሰው መልስ አያገኝም፤ በዴስክቶፑ ላይ የተጫነው ማስተዳደሪያው እንጂ የሚተዳደረው አይደለምና። ስሞቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛውን መርጦ የሰርቨሩን ስም በትክክል ቢጽፍም እንኳ፣ በዚያ ሰርቨር ላይ መብት ካልተሰጠው ይከለከላል። በዚህች መስኮት ማድረግ መቻልና ለማድረግ መፈቀድ ተለያይተው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መጫን የሚሰጠን መቻሉን ብቻ ነው። ፈቃዱ ከሌላ ሰው እጅ መምጣት አለበት።

ፈቃዱ ከየት ይመጣል ብሎ መከተል ወደ ሩቅ ይወስዳል። የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ዘመን የኔትወርኩ ስሞች ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። ፋይሉን የሚይዘው በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ፣ ኤስአርአይ በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ የነበረውና በኤሊዛቤት ፋይንለር የሚመራው የመረጃ ማዕከል ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ለማዕከሉ ያስታውቃል፤ ማዕከሉ ይመዘግባል፤ ሌላው ሁሉ ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። ያኔ ስሙን ማን እንደ መዘገበው የሚያጠያይቅ አልነበረም፤ የሚያሳስተውም የሚያርመውም ያው አንድ ቢሮ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ግን አንድ ጠረጴዛ የሁሉንም ስም ሊይዝ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ከኔትወርኩ ቀዳሚ መሐንዲሶች አንዱ የነበሩት ጆን ፖስቴል ጉዳዩን ለሥራ ባልደረባቸው ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጡ፤ ሞካፔትሪስም በ1983 የዲኤንኤስን ንድፍ አቀረቡ። በ1987 ተሻሽሎ የወጣው ቅጂ እስከ ዛሬ የምንሠራበት መሠረት ነው።

ይህ ንድፍ ሲታይ ቴክኒካዊ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የሥልጣን አከፋፈል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ እንመልከት፤ ኤኤዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ። ስሙን የምንጽፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ሥልጣኑ የሚወርደው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ኢቲ በ1995 ለኢትዮጵያ የተመዘገበ ሲሆን ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከኢቲም በስተቀኝ ግን አንድ ነጥብ አለች፤ በተለምዶ አንጽፋትም እንጂ ስሙ የሚያልቀው በእርሷ ነው። ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው የሥርዓቱ ሥር ነው፤ ሥሩም ስም የለውም። በመዝገቡ ውስጥ ስሙ ዜሮ ርዝመት ያለው ባዶ ቃል ሆኖ ይቀመጣል። ስሞችን ሁሉ የሚያወርሰው ራሱ ስም አልባ ነው። እኔ ይህን እንደ አጋጣሚ አላየውም። የስሞች ሁሉ መነሻ ስም ቢኖረው ኖሮ፣ ያንንም የሰየመ ሌላ ከበላዩ በተፈለገ ነበር፤ ጥያቄውም ማብቂያ አይኖረውም ነበር።

ከዚህ ሥር ጀምሮ እስከ ታች ያለው እያንዳንዱ እርከን ለሚቀጥለው የሚያስተላልፈው ውክልና ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና የሰጠ ሰው ቤቱን አልሸጠም፤ ተወካዩም ቤቱ የእርሱ አልሆነም። ያገኘው በሌላ ሰው ስም ፈርሞ ሌላውን ሰው ማሰር መቻልን ነው። ዞንም እንዲሁ ነው። የላይኛው እርከን በመዝገቡ የሚጽፈው ‹ከዚህ በታች ላለው የሚጠየቁት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው› የሚል ብቻ ነው፤ በውስጡ ምን እንደሚጻፍ አይመረምርም። በመጨረሻው እርከን ላይ በዴስክቶፑ ፊት የተቀመጠው ባለሙያ በሚጽፋት አንዲት መስመር መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያስራል። ብዙ ጊዜ ግን ይህን ውክልና ለማንም አልፈረመም፤ የሥራ መደቡ ይዞት መጣ እንጂ።

እዚህ ላይ የማስተዳደሪያውን ሌላ መስኮት ቀረብ ብለን እንመልከት። እያንዳንዱ ዞን የሚከፈተው የሥልጣን መነሻ በሚባል ሪከርድ ነው። ዞኑን ከፍተን ያንን ገጽ ስንመለከት ተራ በተራ የሚሞሉ ቦታዎች እናገኛለን። የእትም ቁጥር አለ፤ ዞኑ በተለወጠ ቁጥር ከፍ ይላል እንጂ ወደ ኋላ እንዲመለስ አይፈለግም፤ ቅጂ የያዙት ሌሎች ሰርቨሮች ለውጥ መኖሩን የሚያውቁት በእርሱ ነው። የዋናው ሰርቨር ስም አለ። ቀጥሎ ‹ኃላፊ ሰው› የሚል ቦታ አለ። ንድፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየዞኑ ራስ ላይ የሚጠየቅ ሰው ኢሜይል እንዲጻፍ አዟል። ከዚያ በታች ያሉት ጊዜያት ናቸው፤ ቅጂ ያዦቹ በየስንት ደቂቃው ይጠይቁ፣ ካልተሳካላቸው መቼ ይድገሙ፣ እስከ መቼ ድረስ የያዙትን ቅጂ ይመኑ።

ፕሮግራሙ እነዚህን ቦታዎች ሁሉ አስቀድሞ ይሞላቸዋል። በየ15 ደቂቃው ጠይቁ፣ ካልሆነ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገሙ፣ ከአንድ ቀን በላይ አትመኑ ይላል። ኃላፊ ሰው በሚለውም ቦታ ላይ ‹ሆስትማስተር› ብሎ ይጽፋል። ሆስትማስተር የሥራ ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚቀበል ፖስታ ሳጥን ካልተከፈተ የሚደርሰው ማንም የለም። ጊዜያቱ በተሞሉበት ቢቀሩ ብዙም አይጎዱም፤ ፕሮግራሙ ስለ ደቂቃዎች ከእኛ ይልቅ ሊያውቅ ይችላል። ኃላፊ ሰው የሚለውን ግን ፕሮግራም ሊሞላው አይችልም፤ የሞላው መስሎ ባዶውን ይሸፍነዋል። ከመሣሪያው ጋር ሳይመጣ የሚቀረው ምንድን ነው ላልነው መልሱ እዚህ ቁጭ ብሏል። ችሎታው ከፕሮግራሙ ጋር ይመጣል፤ ፈቃዱን የበላይ ይሰጣል፤ ኃላፊነቱን ግን አንድ ሰው ‹እኔ ነኝ› ብሎ ካልወሰደው በስተቀር ሥርዓቱ ያለ እርሱ መሄዱን ይቀጥላል። አደገኛነቱም ያለ እርሱ መሄድ መቻሉ ላይ ነው።

ኃላፊነቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ የምንረዳው ጊዜን ስናስገባ ነው። በዲኤንኤስ የተሰጠ መልስ ሁሉ ዕድሜ አለው፤ በሰከንድ ተቆጥሮ ከመልሱ ጋር ይላካል። 86,400 ብለን ከጻፍን፣ መልሱን የወሰደው ሰርቨር አንድ ሙሉ ቀን ተመልሶ ሳይጠይቀን ያንኑ ለሌሎች ሲያድል መዋል ማደር ይችላል። በመሃል ብንሳሳትና ብናርም፣ ያረምነው እኛ ዘንድ ያለውን ብቻ ነው። የወጣውን መልስ አሳድደን የምንይዝበት መንገድ የለም፤ የት የት እንደ ደረሰም አናውቅም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ ነው። ስለዚህ ስም የሚያስተዳድር ሰው እውነትን በአሁን ብቻ ሊያስባት አይችልም። ትናንት የተናገረው ዛሬም በሌሎች አንደበት እየተናገረ ነው፤ ዛሬ የሚናገረውም ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ሲናገር ይውላል። ልባም ባለሙያ ትልቅ ለውጥ ሲያስብ ከቀናት በፊት ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ለውጡ ሲጸና መልሶ ያስረዝመዋል። ይህ የመጨረሻዋን ቃል ከመናገሩ በፊት ቃሉ የሚሻርበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው፤ ከኮምፒውተር ውጭም ብዙ ሹማምንት ሊማሩት የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። ‹የለም› የሚለውም መልስ ዕድሜ አለው። ገና ያልተጻፈን ስም ጠይቀን ‹እንዲህ ያለ ስም የለም› ከተባልን፣ የጠየቀልን ሰርቨር የለም መባሉን ራሱን ይይዘዋል። በ1998 የወጣው ደንብ እንዲህ ያለው መልስ እስከ መቼ እንደሚያዝ ከዚያው ከሥልጣን መነሻ ሪከርድ እንዲወሰድ ይላል፤ ማስተዳደሪያው አስቀድሞ የሚሞላው አንድ ሰዓት ነው። ስሙን ከመጻፉ በፊት ‹እስቲ ገብቶ ይሆን?› ብሎ የፈተሸ ሰው፣ ስሙ ከተጻፈ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ‹የለም› ሲባል ሊቆይ ይችላል። ጥያቄው ገና ያልመጣውን ነገር ዘግቶበታል። መጠየቅ ምንም የማይነካ፣ ንጹሕ ሥራ ነው ብለን የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ ልናስብ ይገባል። ሳይበስል የተጠየቀ ነገር ‹የለም› የሚል ምስክር በራሱ ላይ ያተርፋል፤ ያ ምስክር እስኪረሳ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

የስሕተትን ስፋት ለማየት የስዊድን ታሪክ ይበቃል። ኦክቶበር 12 ቀን 2009 ምሽት የስዊድንን ከፍተኛ ዞን፣ ዶት ኤስኢን፣ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በተደረገለት ማስተካከያ ሳቢያ በየስሙ መጨረሻ መግባት ያለባትን ነጥብ ሳያስገባ ቀረ። ከላይ ያነሣናት፣ ስም አልባውን ሥር የምታመለክተው ነጥብ ናት። በዞን ፋይል ውስጥ ነጥብ የሌለው ስም እንዳላለቀ ተቆጥሮ የዞኑ ስም ይቀጠልበታል፤ በኤስኢ የሚያልቀው ስም ሁሉ ሌላ ኤስኢ ተደርቦበት የትም የማይገኝ ሆነ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ስሞች በአንድ ጊዜ መንገዳቸው ጠፋ። ስሕተቱ ብዙም ሳይቆይ ታርሞ ትክክለኛው ዞን ወጣ፤ ሆኖም የተሳሳተውን የያዙ ሰርቨሮች ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ መመለሳቸውን ቀጠሉ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ነጥብ አትርሱ የሚል ብቻ አይደለም። ስም ማለቁን ማወቅ፣ ‹ከዚህ በላይ የሚጨመር የለም› ብሎ መዝጋት ራሱ የኃላፊነት ሥራ ነው፤ ያልተዘጋውን ሌላው በራሱ መንገድ ይቀጥለዋል።

የሥልጣኑን ባሕርይ ደግሞ ከ1998ቱ ታሪክ በላይ ያሳየ የለም። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 28 ቀን ጆን ፖስቴል ለስምንት የሥር ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ኢሜይል ላኩ፤ የሥሩን ዞን ከተለመደው ምንጭ ሳይሆን ከእርሳቸው ሰርቨር እንዲወስዱ ጠየቁ። አስተዳዳሪዎቹም እንዳሏቸው አደረጉ። ፖስቴል የሚያስገድዱበት ሕግ በእጃቸው አልነበረም፤ የነበራቸው የብዙ ዓመት አመኔታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናት ነገሩ እንዲመለስ ሲጠይቁ ፈተና ነበር ብለው መለሱት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የስሞቹን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ ተመሠረተ፤ ፖስቴል በኦክቶበር ዐረፉ። ይህን ታሪክ እንደ ገድል የሚያነቡት አሉ፤ እንደ ማስጠንቀቂያ የሚያነቡትም አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል እላለሁ። የዓለም ስሞች በአንድ ሰው አመኔታ ላይ ቆመው ነበር፤ ሰውየውም አመኔታውን አልበደሉም። ነገር ግን አመኔታ የሚያርፍበት ሰው ሲያልፍ አብሮት እንዳያልፍ፣ በሌሎች ዓይን ፊት ሊቀመጥ ይገባዋል።

በኋላ የመጣው ሥርዓት ይህንኑ ለማድረግ የሞከረ ነው። ከጁላይ 2010 ጀምሮ የሥሩ ዞን በዲጂታል ፊርማ ይፈረማል፤ የፊርማው ቁልፍ የሚወጣው በካሊፎርኒያ ኤል ሴጉንዶና በቨርጂኒያ ካልፔፐር በሚካሄዱ ሥነ ሥርዓቶች፣ ከልዩ ልዩ አገሮች በመጡ ምስክሮች ፊትና ካሜራ በተከፈተበት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወሰኑንም ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ፊርማው የሚያረጋግጠው መልሱ ከባለዞኑ መምጣቱንና በመንገድ አለመነካቱን ነው። ባለዞኑ ተሳስቶ የጻፈውንም ያው ፊርማ እኩል ታማኝ አድርጎ ያቀርበዋል። ከጠረጴዛው እስከ ተጠቃሚው ያለውን መንገድ በሒሳብ ማጠር ችለናል፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሐቀኛና ጠንቃቃ የሚያደርግ ሒሳብ ግን የለም። ያ ሥራ አሁንም የሰው ነው።

ድሬዳዋ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ የአንድ ሆስፒታልን ስም የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ስሙ ወደ ትክክለኛው ቦታ እንደሚያደርሰው ያምናል፤ የሚያምነው ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ባለሙያ ነው። የበደል ሁሉ ቀላሉ እንዲህ ያለውን ሰው መበደል ነው፤ ማንን እንደሚከስ እንኳ አያውቅምና። ለምሳሌ የተረሳ ስምን እናንሣ። መሥሪያ ቤቱ ተከራይቶት የነበረውን የድረ ገጽ ቦታ ለቀቀ፤ ስሙ ግን በዞኑ ውስጥ ወደዚያው እያመለከተ ቀረ። ያንን ቦታ ሌላ ሰው ቢከራየው በመሥሪያ ቤቱ ስም ጎብኚዎችን ሊቀበል፣ የይለፍ ቃላቸውንም ሊወስድ ይችላል። ማንም ምንም አልሰበረም፤ አንድ ሰው አንዲት መስመር መሰረዝ ብቻ ረስቷል። በዚህ ሥራ መርሳት ከማድረግ አይተናነስም።

እንግዲህ ማስተዳደሪያውን ለሚጭን ሰው የምለው ይህ ነው። ከመጫንህ በፊት ውክልናው ከማን እንደ ተሰጠህ እወቅ፤ ካልተጻፈ አስጽፈው። ዞኑን ስትከፍት መጀመሪያ ኃላፊ ሰው ወደሚለው ቦታ ሂድ፤ በእርግጥ የሚከፈትና የሚነበብ ኢሜይል ጻፍበት። በየስሙ ትይዩ ለምን እንደ ተጻፈና እስከ መቼ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ማስታወሻ ያዝ፤ ምክንያቱ የጠፋበትን ስም ሊሰርዘው የሚደፍር የለምና። ሥራ ስትለቅ ደግሞ ስሞቹን በርክክብ ሰነዱ ላይ አስገባቸው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ወንበርና ጠረጴዛ፣ ፕሪንተርና ስቴፕለር ሳይቀር ተቆጥሮ ይፈረምበታል፤ መሥሪያ ቤቱ በዓለም ፊት የሚጠራባቸው ስሞች ግን ከሰነዱ ውጭ ቀርተው ከሰውየው ጋር ይሄዳሉ። የወንበሩ መጥፋት የመሥሪያ ቤቱ ኪሳራ ብቻ ነው። የስሙ መጥፋት ግን የሚያርፈው በሩቅ ሆኖ ስሙን ባመነው ሰው ላይ ነውና፣ ተረካቢው ፊርማውን የሚያኖረው ስሞቹን አንድ በአንድ አይቶ ‹ከዛሬ ጀምሮ ስለ እነዚህ የምጠየቀው እኔ ነኝ› ካለ በኋላ መሆን አለበት።